ስምንት መስኮትና አንድ ባል

ባሌ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ አያውቅም። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ጥፋቱ የመሰላሉ ነበር። ልጃችንን ከትምህርት ቤት ማምጣት ረስቶ ዘበኛው ቤት ድረስ ይዟት ሲመጣ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ሆነ፤ «ደወሉን በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚደውሉት?» አለ። አንድ ቀን በጨው ፈንታ ስኳር የጨመረበትን ሾርባ አቀረበልንና፣ ሁለቱም ነጭ መሆናቸው የማን ጥፋት እንደሆነ እኔኑ ጠየቀኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ለመመለስ ትንሽ አሰብኩ።

ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም። እጁ ወርቅ ነው። መስታወት ገጣሚ ነው፤ የቤት መስኮት። እሱ የገጠመው መስኮት ንፋስ አያስገባም፣ ዝናብ አያስገባም፣ የጎረቤት ወሬ እንኳ በግድ ነው የሚያስገባው። ሥራውን ሲጨርስ የቤቱን ባለቤት ጠርቶ ሻማ ያበራል። ሻማውን በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፤ ነበልባሉ ትንሽ ከተነቃነቀ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። «ከኔ እጅ የወጣ መስኮት ቀዳዳ የለውም» ይላል። ይህቺን አነጋገሩን እንኳን እኔ፣ ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ይዟታል።

እኔ ደግሞ የአውሮፕላን የውስጥ ዕቃ ገጣሚ ነኝ። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ የጣሪያው ልባስ፣ የውስጥ መስኮቱ የኔ ናቸው። ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ሃንጋር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ባሌ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ሰዓት ትወጪያለሽ?» የሚል። የምገጥመው መስኮት ከፕላስቲክ የተሠራ መሆኑን የሰማ ቀን ደግሞ አለቀልኝ። «የኔ ሚስት ላስቲክ ነው የምትገጥመው» እያለ ለወዳጆቹ ሲያወራ፣ እየሰማሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖርኩ።

ነገሩ የተለወጠው መስኮት ከነመስታወቱ ተገጥሞ ከፋብሪካ መምጣት ሲጀምር ነው። ቤት የሚሠራው ሰው ሁሉ ወደዚያው ነጎደ፤ የባሌም ሱቅ ተዘጋ። ስምንት ወር ቤት ተቀመጠ። የቤታችንን መስኮቶች ሁለት ሁለት ጊዜ አውልቆ ገጠማቸው። ከዚያ ወደ ጎረቤት ተሻገረ፤ ጎረቤቶቻችን ገና ከሩቅ ሲያዩት መጋረጃ መዝጋት ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማቀዝቀዣው በር ላይ ሻማ ይዞ ተደፍቶ አገኘሁት።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አሁን ግን ተቀምጦ መዳፉን ገልብጦ ሲያይ ይውላል። እንዲህ ሆኖ ዓይኔ እያየ ከሚያረጅብኝ ብለምንለት ይሻላል ብዬ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ።

አለቃችን በዕድሜ ታናሼ ናት፤ አርባ እንኳ አልሞላትም። ባትሪ ከእጇ አይለይም፣ ቃል ግን ቆጥባ ነው የምታወጣው። ጉዳዬን ስጨርስ ትንሽ አሰበችና፣ «እትዬ፣ ሦስት ቀን ልየው» አለችኝ። «ረቡዕ የምትጀምሪውን የስምንት መስኮት ሥራ ካንቺ ጋር ይሥራ። አንድ ገጣሚ ጎድሎናል፤ ከሆነ ይቀጠራል። ካልሆነ ግን እንዳትቀየሚኝ።»

«ምን ቆርጦኝ!»

«ደብተሩን ግን አስቀድመሽ ንገሪው።»

ይሄ ደብተር መሣሪያ ከሚሰቀልበት ሰሌዳ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሃንጋሩ ውስጥ ያጠፋ ሰው በገዛ እጁ ጥፋቱን እዚያ ላይ ይጽፋል። ለሌላ ሰው መጻፍ አይቻልም። «እሱ ነው፣ እሷ ናት» ብሎ መጠቆምም አይቻልም፤ ባል ሆነ ሚስት፣ እናት ሆነች ልጅ። የጻፈ ሰው አይቀጣም፤ ጥፋቱ ይታረማል፣ ሥራው ይቀጥላል። ሳይጽፍ ቀርቶ የተደረሰበት ግን በዚያው ቀን ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ወደ ሰማይ የሚወጣ ነገር ውስጥ የተደበቀ ጥፋት ሰው ይገድላላ! አለቃችን በሌላው ሁሉ ትለመናለች፤ በዚህ ግን ሞታ ትገኛለች እንጂ ንቅንቅ አትልም።

ቤት ገብቼ ይህንን ሳስረዳ ልጃችን ከሳቋ ብዛት ሶፋው ላይ ተደፋች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የያዘች ትልቅ ሰው ናት፤ አባቷን ለማብሸቅ ሲሆን ግን የሰባት ዓመት ልጅ ትሆናለች።

«አባዬን ነው ጥፋትህን ጻፍ የምትሉት? በቃ እማዬ፣ አልቀጠሩትም በይኛ!»

«ምን አጠፋለሁና ነው የምጽፈው?» አለ ባሌ ፊቱን ቋጥሮ።

እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነበር። እጁን ተጠራጥሬው አላውቅም። ያስፈራኝ አፉ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሃንጋር ገባን። ጢሙን ተላጭቷል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ለሠርግ የሚያደርገውን ጫማ አድርጓል። አለቃ ሰላም ካለችው በኋላ ኪሱን እንዲያራግፍ ጠየቀችው፤ አውሮፕላን ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ኪሱ ባዶ መሆን አለበት። ባሌ ማራገፍ ጀመረ። ሜትር ወጣ። እርሳስ ወጣ። የመስታወት መቁረጫ፣ ሁለት ምስማር፣ ግማሽ ሻማ፣ ክብሪት፣ የቀለጠ ከረሜላ፣ የመስታወት ማጣበቂያ ሲሊኮን ቱቦ፣ ስንፈልገው የከረምነው የሳጥን ቁልፍ።

«ጋሼ፣ ሱቁን ይዘውት ነው እንዴ የመጡት?» አለው ሞተረኛው። ሞተረኛው የሞተር መካኒካችን ነው፤ ሳይቀልድ ከዋለ ያመዋል።

ሌላውን ዕቃ ቦርሳው ውስጥ እንዲያስገባ ተፈቀደለት። ሻማና ክብሪቱን ግን አለቃ ራሷ ተቀበለችው፤ እዚህ እሳት የሚባል አይበራም።

«ታዲያ መስኮቱን በምን ትፈትሹታላችሁ?» አለ ባሌ ግራ ገብቶት።

«አርብ ያዩታል» አለችው።

አውሮፕላኗ ባለ ሁለት ሞተር ናት፤ ስምንት መንገደኛ ትይዛለች። ከፍ ብላ ስትበር የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ ሰው እንዲተነፍስ ውስጧ በታመቀ አየር ይሞላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስኮት ድርብ ነው። የውጭው ወፍራም ነው፤ የአየሩን ግፊት የሚሸከመው እሱ ነው። የውስጡ ስስ ነው፤ ሥራው የመንገደኛ ግንባር፣ የመንገደኛ ጣትና የሕፃን ምላስ ወፍራሙ ላይ እንዳይደርሱ መከላከል ብቻ ነው። የታዘዝነው የውስጦቹን እንድንለውጥ ነበር። በጣም አርጅተዋል፤ ቢጫ ሆነዋል፣ ተጫጭረዋል፤ አንዱ ላይማ ስሙ ያልታወቀ ፍቅረኛ በቁልፍ ልብ ስሎበታል።

የመጀመሪያው ቀን አሮጌዎቹን ስናወልቅ አለፈ። ካቢኗ ጠባብ ናት፤ ቀጥ ብሎ መቆም የለም። ባሌ ጣሪያውን በግንባሩ አራት ጊዜ መታው፤ አራቱንም ጊዜ ጥፋተኛው ጣሪያው ነበር። ሥራው ግን ልብ ያሞቃል። ሳልነግረው የየመስኮቱን ብሎን በየብርጭቆው ለይቶ ቁጥር ጻፈበት። የመስኮቶቹን ማሸጊያ ጎማ ሲያላቅቅ ቁስል ላይ የተለጠፈ ፋሻ የሚያነሳ ነበር የሚመስለው። አለቃ በበሩ አንገቷን አስግጋ ብርጭቆዎቹን አየችና ምንም ሳትል ሄደች። እሷ ምንም ካላለች ደህና ነው ማለት ነው፤ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አዲሶቹን ከሳጥን አወጣን። ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ መጠባበቂያ ነው። አንድ በአንድ አንስቼ፣ ወረቀታቸውን ገለጥ እያደረግሁ፣ ጭረት እንደሌለባቸውና ቀዳዳቸው ክፍት እንደሆነ አየሁ። እንዳይጫሩ በሁለቱም ፊታቸው ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የባሌ ድርሻ ወረቀቱን መላጥ፣ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ለኔ ማቀበል ነበር።

«በስፒሪትና በጋዜጣ ብወለውለው አንድ ጊዜ ነው የሚያበራው» አለኝ።

«ስፒሪት የነካው እንደሆነ ውሎ አድሮ ይሰነጣጠቃል።»

«ጨርቁ ትንሽ ሻከር ቢልስ?»

«ይጫራል።»

«ይሄ መስኮት ነው ወይስ አራስ ልጅ?»

ጠዋቱን ሙሉ እንዲህ ነበር። ስትገጥሚው ብሎኑን አጥብቀሽ እሰሪው፣ ይለኛል። አጥብቄ ካሰርኩትማ ይሰነጠቃላ፣ እለዋለሁ። ታዲያ ምኑን መስኮት ሆነ? መስኮቶቹን ከመግጠሜ በፊት የግድግዳውን ልባስ ሳስር፣ ጉልበቴ ወለሉ ላይ፣ አንገቴ ወንበሩ ሥር፣ ሁለት ብሎን ከንፈሬ ላይ ነክሼ እንዳለሁ ከላዬ ድምፁ መጣ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

ቀና ስል አንዱን መስኮት ወደ ብርሃኑ ይዞ ያያል። ከታች፣ ጠርዙ አጠገብ፣ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች።

«በስተው ነው እንዴ የሚሸጡላችሁ?»

መልሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ቀዳዳዋ በስሱና በወፍራሙ መካከል ያለው አየር ከካቢኑ አየር ጋር እኩል እንዲሆን የተበሳች ናት። እሷ ከተደፈነች የታመቀው አየር ስሱን መስኮት ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስሱ ደግሞ ይህን ለመሸከም አልተሠራም። በቃ፣ ይህችኑ ማለት ብቻ ነበር። ግን አንገቴን አሞኛል፤ ጠዋቱን ሙሉ ላስቲክሽ እንዲህ፣ ላስቲክሽ እንዲያ ሲለኝ ቆይቷል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ደርሶ ሲጠይቀኝም በነቀፋ ነው። ብሎኖቹን ከአፌ አወጣሁ።

«አንተ ወረቀትህን ላጥ! ቀዳዳዋን ለባለቤቷ ተዋት!»

ዝም አለ። ባሌ ዝም ሲል መጠርጠር ነበረብኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ «እናንተ ብሉ፤ እኔ የቀረውን ልወልውል» አለኝ። ከሞተረኛው ጋር በልቼ ስመለስ ስምንቱ መስኮቶች ነጭ ጨርቅ ላይ ተሰልፈዋል። ከጥራታቸው የተነሳ ጠርዛቸው ባይታይ ኖሮ ጨርቁ ባዶ ነው እል ነበር። ባሌ ከኋላቸው ቆሞ ፊቱ ያበራል።

«በይ ያዢ፣ የኔ መሐንዲስ» አለኝ። እንዲህ ብሎ ከጠራኝ ብዙ ዘመኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ አራቱን በግራ፣ አራቱን በቀኝ ገጠምኳቸው። አቀባበሉም አያያዙም ልክ ነበር፤ አንድ ጣት ያረፈበት መስኮት የለም። አሥር ሰዓት ላይ ጨርሰን የሥራውን ወረቀት አወጣሁ። ለየመስኮቱ ምልክት የሚደረግበት አምስት አምስት መስመር አለው፤ የመጨረሻው «ቀዳዳው ክፍት መሆኑ ታይቷል» ይላል። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት አይቻቸው የለ? ስምንት ጊዜ ምልክት አደረግሁና ፈርሜ አስረከብኩ።

አርብ ጠዋት ሃንጋሩ ሁሉ ለፈተናው ተሰበሰበ። አለቃ መጀመሪያ ባትሪዋን ይዛ ገባችና እያንዳንዱን መስኮት በግራ በቀኝ እያበራች ጭረት ፈለገች። ስትወጣ ባሌ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ እንዲህ የጠራ መስኮት አይቼ አላውቅም።»

እሷ ይህንን ለመናገር ስንት ወር እንደሚፈጅባት የማውቀው እኔ ነኝ። ላሜ ወለደች አልኩ በልቤ። ባሌ «ኧረ ምንም አይደል» ብሎ ወደኔ ዞረና አንድ ዓይኑን ጠቀሰኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

በሩ ተዘጋ። አየር ከሚያምቀው ኮምፕረሰር የመጣው ወፍራም ቱቦ ከአውሮፕላኗ ሆድ ጋር ተገጠመ። አለቃ የአየሩን ግፊት የሚለካው ጌጅ አጠገብ ቆመች። እኔ የሳሙና ውሃ ይዤ አየር የሚያፈተልክበት ቦታ እንዳለ ለማየት በመስኮቶቹ ሥር መዞር ጀመርኩ። ኮምፕረሰሩ አጓራ፤ ጌጁ መውጣት ጀመረ።

ሦስተኛው መስኮት ጋ ስደርስ ከኋላዬ የቆመውን የሞተረኛውን መልክ መስኮቱ ላይ ተንጸባርቆ አየሁት፤ ፊቱ ተለጥጦ ጆሮው ትከሻው ላይ ደርሷል። መጀመሪያ እያሾፈ መሰለኝ። ኋላ ልብ ብዬ ሳይ የውስጡ መስኮት ሆዱን ነፍቶ ወደኔ እየመጣ ነው። አራተኛውን አየሁ፤ እሱም ነፍቷል። ሁለተኛውም። «አቁሙ!» ልል አፌን ስከፍት ሦስተኛው መስኮት «ጧ!» አለ። ሞተረኛው መሬት ላይ ተኛ። አለቃ እጇን አነሳች፤ ኮምፕረሰሩ ጸጥ አለ።

አየሩ ቀስ ብሎ እስኪወጣ ጠበቅን። በሩ ሲከፈት አለቃ ባትሪዋን ይዛ ገባች፤ እኔ ተከተልኳት። ሦስተኛው መስኮት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ብርሃኑን ወደ ታችኛው ጠርዝ አወረደችው።

«ቀዳዳዋ የታለች?» አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የለችም። በጣቴ ዳሰስኩ፤ የለችም። ወደሚቀጥለው ሄድን፤ የለችም። ስምንቱም ጋ የለችም። አደፋፈኑ እንዲህ ነው አይባልም፤ እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልምዴ የቱ ጋ እንደነበረች ባላውቅ ኖሮ ፈጽሞ አላገኛትም ነበር። እንዲህ አድርጎ መድፈን የሚችል እጅ ደግሞ በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው።

አለቃ ወርዳ የማንንም ፊት ሳታይ ተናገረች። «ስምንቱም ቀዳዳ ተደፍኗል። ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ይቆማል። ደብተሩ ቦታው ላይ ነው።» ከዚያ ወደ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች።

አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ባሌ የአውሮፕላኗ ጎማ አጠገብ እንደቆመ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይን ለዓይን ተያየን። መናገር አልችልም፤ ሕጉ ሕግ ነው። መቆንጠጥ ግን በደብተሩ አልተከለከለም ነበር፤ እጄን ወደ ክንዱ ልሰድ ስል ሞተረኛው አየኝና ተውኩት።

«ቆይ፣ እንዴት ያለ ፋብሪካ ነው...» ብሎ ጀመረ ባሌ፤ ለጎማው ነው የሚናገረው። ጎማው አልመለሰለትም። «ደግሞ ሰው ቀዳዳ ሲበሳ አጠገቡ ምናለ ምን እንደሆነ ቢጽፍበት...» ጎማው አሁንም ዝም አለ። አንድ ጊዜ አውሮፕላኗን ዞራት። ሁለተኛ ዞራት። ሞተረኛው ያንኑ አንድ መፍቻ እየደጋገመ ይወለውላል። ስምንት ወር መዳፉን ሲያይ የከረመውን ሰውዬ አስባለሁ፤ ወደዚያ ሶፋ ሲመለስ ይታየኛል። እባክህ በል፣ አንድ ጊዜ፣ ለዛሬ ብቻ በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

በሦስተኛው ዙር ደብተሩ ጋ ቆመ። አወረደው። ልጽፍ ነው ብሎ ሳይሆን እንደ ጋዜጣ ሊያነበው ነው የከፈተው። ገጽ ገለጠ፣ ጣቱን አረጠበ፣ ገጽ ገለጠ።

«አንተም ጽፈሃል እንዴ?» አለው ሞተረኛውን ዓይኑን አፍጥጦ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ጋሼ።»

«አሥራ አንድ!»

«ኧረ እኔ ጎበዝ የምባለው ነኝ! አለቃስ ብትሆን? እዚያው አለችልዎ፣ ገጽ ሦስት ላይ።»

ባሌ ገጽ ሦስትን አገኘ። አነበበ። ወደ ቢሮው አየት አደረገና እንደገና አነበበ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ገለጠና ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ያንቺን አጣሁት።»

«የለኝማ» አልኩት። በሌላ ቀን ቢሆን አገጬን ቀና አድርጌ ነበር የምለው።

በክር የታሰረውን እስክሪብቶ ያዘ፣ ደብተሩን ሰሌዳው ላይ አስደግፎ አንገቱን ደፋ። ብዙ ቆየ። ሲጽፍ ትከሻው ሁሉ ይጽፍ ነበር። ሲጨርስ ፈረመና ሄዶ የቢሮውን በር አንኳኳ።

እንደ ደንቡ አለቃ ወጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። «ስምንቱን ቀዳዳ በሲሊኮን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህችን ቀን ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቄያታለሁ። የመጣች ዕለት እልል እላለሁ፣ ለልጄ ደውዬ በስልክ አሰማታለሁ እያልኩ ነበር የምዝተው። አሁን ግን እልልታውም ስልኩም ትዝ አላለኝም። ባሌን እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ማየት ደስ አይልም።

«ለምን ደፈኑት ጋሼ?» አለችው አለቃ ለስለስ ብላ።

«ስህተት መሰለኛ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እሷን ጠየቅኳት። ተቆጣችኝ። እኔ እንደሆንኩ የማላውቀውን ነገር ሲጠይቁኝ ነው የምቆጣው። እሷም ያላወቀችው መሰለኝ። የተበሳ ዕቃ ተቀብላ ኋላ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው፤ ሳትሰማ ደፈንኩላት።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «እንዳይታይ አድርጌ ነው ደግሞ የደፈንኩት።»

ሞተረኛው ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። ያ የጠዋቱ ጥቅሻ ለካስ «አይዞሽ፣ ሸፍኜልሻለሁ» ማለቱ ኖሯል።

ሄጄ እስክሪብቶውን ያዝኩ። ማንም አላዘዘኝም። ከሱ መስመር ሥር ጻፍኩ፦ «ቀዳዳዋ ለምን እንደሆነች ጠይቆኝ ነበር፤ ተቆጣሁት እንጂ አልነገርኩትም። ወረቀቱ ላይም ሳላይ ስምንት ጊዜ ምልክት አደረግሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።» እሱ ቃሉን እስኪለው ስጠብቅ ዘመኔ ሲያልፍ፣ እኔም ለሱ አንድ ቀን ብዬው እንደማላውቅ እስክሪብቶውን ይዤ ነው የገባኝ። ቤታችን ውስጥ ጥፋተኛው ሁልጊዜ የታወቀ ስለነበር እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አለቃ የኔንም አነበበች። ድምጿ አልተለወጠም።

«አንዱን በመጠባበቂያው ቀይሩ፤ ሰባቱን አውልቁና ቀዳዳቸውን ክፈቱ፤ አንድ በአንድ እኔ አያቸዋለሁ። ጋሼ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ይግቡ፤ ቱታ ይዘጋጅልዎታል።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «የምታሠለጥኚው አንቺ ነሽ እትዬ። የሚጠይቅሽን ሁሉ ትመልሻለሽ።»

ባሌ አሁን ብዙ ነገር ሊለኝ ይችል ነበር። ዕድሉን አግኝቷል፤ ሞተረኛውም ጆሮውን አቁሞ እየጠበቀ ነው። ባሌ ግን ካቻቢቴውን አነሳና ግንባሩን ከጣሪያው እየጠበቀ ወደ ካቢኗ ገባ። ተከተልኩት። የተሰነጠቀው መስኮት ሥር በርከክ ብሎ፣ እኔ የምቀመጥበትን ያህል ቦታ ለቀቀልኝ።

«ነይ» አለኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። አየሩ ከየት ነው የሚመጣው?»

ጠባቡ ወለል ላይ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥንና ነገርኩት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬን ለባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳወራለት እሱ እስክጨርስ አላቋረጠኝም።